ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ወገኖቼ ሆይ፤ የብራና መጽሐፍ እጃችሁ ገብቶ የመጨረሻውን ቅጠል ገልጣችሁ ታውቁ እንደ ሆነ ያችን መስመር አትስቷትም። ቁም ጸሐፊው ሥራውን ሲፈጽም የራሱን ስም፣ ያጻፈውን ሰው ስምና መጽሐፉ የተሰጠበትን ደብር ያሰፍርና ግዝቱን ያኖራል፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። አባቶቻችን ሌባውንና ፋቂውን በአንድ ግዝት አሰሯቸው፤ ገልባጩን ግን አልነኩትም። እንዴትስ ይነኩታል? መጽሐፉ ራሱ ከሌላ መጽሐፍ የተገለበጠ ነው፤ ግዝቱን የጻፈችውም ያችው የገለበጠች እጅ ናት።

ዛሬ ስለ ፋይል ማጋሪያ ድረ ገጾች መዘጋት ስንነጋገር የምናነሣው የግዝቱን የፊተኛውን ቃል ብቻ ነው። አንዱ ድረ ገጽ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲዘጋ፣ አንዱ ቻናል በአቤቱታ ሲሰረዝ፣ ከፊላችን «እሰይ፣ ሌባ ተያዘ» ይላል፤ ከፊላችን ከንፈሩን መጥጦ ሌላ ሊንክ ፍለጋ ይሄዳል። ስለ ኋለኛው ቃል፣ ስለ መፋቁ፣ የሚጠይቅ የለም። ከተሰረቀው ጋር ማንም የማይሸጠውም፣ ባለቤቱ የሞተበትም፣ ሌላ ቅጂ የሌለውም አብሮ ተፋቀ ወይ ብሎ የሚያስብ ሰው ከፒያሳ እስከ ለገሃር ብትፈልጉ በጣት የሚቆጠር ነው። ተግሳጼ በዚህ ላይ ነው፤ ከሚገሠጹትም አንዱ እኔ ነኝና አትቆጡኝ።

ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ፣ ፒያሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። በሯ ላይ «ዘፈን በሚሞሪና በፍላሽ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባታል። ባለቤቷን ሁላችንም ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ወጣቱ የሰሞኑን ዘፈን ለማስጫን ሲመጣ ጋሼ በአምስት ደቂቃ ጭነው ይሸኙታል፤ ይህ ለእንጀራቸው ነበር፤ ትክክል ነበር አልልም። ነገር ግን ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ሥራ ነበራቸው። ባለ ሁለት መክተቻ የካሴት ዴክ በቀጭን ገመድ ከአሮጌ ኮምፒውተር ጋር አያይዘው፣ ሰው ከየቤቱ ቆጥና ሣጥን እያወጣ የሚያመጣላቸውን ካሴት ይገለብጡ ነበር። የላላውን ክር በቢክ እስክሪብቶ ያጠነጥናሉ፤ የተበጠሰውን በምላጭ አስተካክለው በቀጭን ፕላስተር ይቀጥላሉ። ሽፋኑን ከፊትም ከጀርባም ስካን ያደርጋሉ፤ «ለውድ ወንድሜ፣ ለገና» የሚል የስጦታ ጽሑፍ እንኳ ቢኖርበት አይተዉትም። ከዚያ የሁለቱን ገጽ ዘፈኖች በየስማቸው ለይተው፣ የተጫዋቾቹን ስም እስከሚያውቁት ድረስ ዘርዝረው፣ ያኔ ብዙ ሰው ይጠቀምበት በነበረ አንድ የፋይል ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጡታል። ለዚህኛው ሥራ ከማንም ሳንቲም አልተቀበሉም።

እኔም አንድ ካሴት ወሰድኩላቸው። አባቴ ሲሞት ከሬዲዮ ቴፑ ውስጥ የተገኘ፣ ሽፋን የሌለው፣ የአንድ ማሲንቆ መቺ ድምፅ ያለበት ካሴት ነው። ለገበያ የወጣ ይሁን ወይም በአንድ ሰው ቤት በድግስ መካከል የተቀዳ፣ አይታወቅም። ጋሼ ገለበጡትና «ማሲንቆ፤ ስሙ ያልታወቀ» ብለው ጫኑት። ወር ሳይሞላ አንዲት ሴት ከዋሽንግተን ከሥሩ ጻፈች። ማሲንቆ መቺው አጎቷ ነበር። ስሙን ከነአባቱ፣ የተወለደበትን የመንዝ ቀበሌ፣ የትኛው ጠጅ ቤት ይጫወት እንደ ነበር፣ የሁለተኛው ዘፈን ግጥም ለማን እንደ ተገጠመና ሰሙ ምን ወርቁ ምን እንደ ሆነ ሳይቀር ዘርዝራ ጻፈች። ጋሼ ስሙን በፋይሉ ላይ አስገቡ። ኮምፒውተራቸው ሞልቶ ስለ ነበር የራሳቸውን ቅጂ አጠፉት፤ «እዚያ አለ አይደል?» አሉኝ። እኔም የሴትዮዋን ጽሑፍ አነበብኩ፣ ደስ አለኝ፣ በወረቀት ግን አልገለበጥኩትም። እዚያ አለ አይደል?

ድረ ገጹ በአንድ ሌሊት ተዘጋ። ጠዋት ስንከፍተው ባዶ ነጭ ገጽና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሁለት መስመሮች ብቻ ነበሩ። ካሴቱ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። ሰውየው የመንዝ ሰው መሆኑን አስታውሳለሁ። ስሙን ግን፣ ወገኖቼ፣ ምንም ባደርግ አላስታውሰውም።

መፋቅ ማለት ይህ ነው። ብዙዎቻችሁ የእነዚህ ድረ ገጾች መዘጋት የሚያሳጣን ነጻ ዘፈንና ነጻ ፊልም ብቻ ይመስላችኋል፤ ዘፈንና ፊልምማ ገንዘብ ያለው ይገዛዋል። የማይገዛው ከዘፈኑ ሥር የተጠራቀመው ዕውቀት ነው፤ ማን መታው፣ መቼ ተቀዳ፣ ግጥሙ ማንን ነካ፣ ይህ ድምፅ የማን ነው የሚለው። ያን ያጠራቀመው ምሁር ወይም መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከየሀገሩ አንዳንድ ቃል ያዋጣ ተራ ሰው ነበር። ሲዘጋ ዘፈኑ በሌላ ቦታ ቢገኝ እንኳ ያ ሁሉ ምስክርነት አይገኝም።

መገልበጥ ምን እንዳቆየልን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መጽሐፈ ሄኖክ በአንድ ዘመን በአራማይክም በግሪክም ይነበብ የነበረ መጽሐፍ ነው። ዛሬ በእነዚያ ቋንቋዎች የቀረው ቁርጥራጩ ሲሆን ሙሉው የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 የግዕዙን ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ እስኪደርስ ድረስ የዚያ ሀገር ሊቃውንት መጽሐፉን የሚያውቁት ሌሎች ጸሐፊዎች ከጠቀሱት ቅንጭብጫቢ ነበር። መጽሐፈ ኩፋሌም እንዲሁ ሙሉው ያለው በግዕዝ ነው። ይህ የሆነው የእኛ ብራና ከሌላው ብራና የተለየ ዕድሜ ስላለው አይደለም። ብራና ይሻግታል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ደብሩም ይቃጠላል። በአንዱ ደብር ሲቃጠል በሌላው ደብር ቅጂው ስለ ተገኘ ብቻ ነው የተረፈው። ቁም ጸሐፊዎቻችን ፈቃድ እንጠይቅ ቢሉ እንኳ ባለመብቱ ሄኖክ ወደ ሰማይ ከተወሰደ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር።

ይህን ነገር በዘመናችን አጥብቀው ከተረዱት ሰዎች አንዱ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ይመስሉኛል። አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በእርሳቸው ፈቃድና ድጋፍ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉትን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ካለ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ተጀመረ። ሥራው በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ቀጥሎ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሡ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በስደት ሀገራቸው ሆነው ለብዙ ዓመታት ያነበቡትና የዘረዘሩት ያንኑ ነው። ፓትርያርኩን ደርግ ገደላቸው፤ ፊልሙ ግን አለ። ከዚያ ወዲህ በጦርነትና በዘረፋ ዋናው የጠፋበት ደብር ቅጂውን ለማየት ሚኒሶታን ይጠይቃል። ቅጂው ለምን ባሕር ማዶ ሄደ ብላችሁ የምትቆጡ አላችሁ፤ ቁጣችሁ ይገባኛል፤ ነገር ግን ባይሄድ ኖሮ የምንቆጣበትም ነገር አይኖርም ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከየመደብሩ የተለቀመውን፣ ደራሲውም በዓመቱ የካቲት ላይ ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰውን ልብ ወለድ ደግሞ አስቡ። ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም፤ ይህን የምታነቡ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የምታውቁት ሰው በየፍራሹ ሥር ስለ ደበቀውና ከእጅ ወደ እጅ ስላስተላለፈው ነው። ያን ጊዜ መጽሐፉን ያስተላለፈ ሰው «ሕገ ወጥ አከፋፋይ» ነበር።

ወደ ዘፈኑ ስንመጣም ታሪካችን ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ትእዛዝ የዘፈን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ያን ብቸኛ መብት ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ ሀገር አሳትሞ አስመጣ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ወደ 12 የሚጠጉ አልበሞች አወጣ። ዛሬ በየሆቴሉ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንኮራበት ሙዚቃ አንድ ትልቅ ክፍል የተቀረጸው በዚያ ድፍረት ነው። የተከለከለ ነገር ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አምሐ ለዘፋኞቹ ከፍሎ፣ በራሱ ገንዘብ፣ በስሙ ነው ያሳተመው። የምለው ሌላ ነው፤ መብት በአንድ እጅ ተቆልፎ ባለመብቱ ካልሠራበት ዘፈኑ የሚተርፈው ሌላ ሰው ሲደፍር ነው።

ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ሸክላው ቀረ፣ ካሴት ነገሠ። የካሴቱ ዘመን ከሸክላው ዘመን ይረዝማል፤ የተጠበቀለት ግን ያነሰ ነው። የሸክላውን ዘመን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ በተከታታይ ሲዲዎች አሳትሞ ለዓለም አሰማው። የካሴቱ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው አላገኘም፤ ያገኘው እንደ ጋሼ ያሉትን ነው። ከእነዚያም አንዱ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የአፍሪካ ካሴቶችን እየገለበጠ ማንንም ሳያስፈቅድ በኢንተርኔት በነጻ ያጋራ ነበር። ይህ ሰው ባሕር ዳር ላይ ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን ካሴት አገኘ። ያን ጊዜ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ሰውየው ፈልጎ አገኘው፣ ተዋዋሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ በሸክላና በሲዲ ዳግም ታተመ፣ ትርፉንም እኩል ተካፈሉ፤ ኃይሉም ከ20 ዓመት በላይ ከራቀው መድረክ ተመልሶ በአውሮፓና በአሜሪካ ተጫወተ። ሳያስፈቅድ ማጋራት የጀመረው ሰው አሳታሚ ሆነ። የሰው አገር ሰው ባሕር ዳር ሱቅ ገብቶ ያየውን፣ በየቀኑ በዚያ ሱቅ ደጃፍ የምናልፍ እኛ አላየነውም። እዚህ ላይ ትንሽ ማፈር ይገባናል።

በሌላው ዓለም የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁና ወደ ራሳችን እመለሳለሁ። ዋት ሲዲ የሚባል የሙዚቃ ማጋሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ኦይንክ የተባለው ሌላ የሙዚቃ ማጋሪያ በፖሊስ ሲዘጋ የተከፈተ ሲሆን፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሙዚቃ ሕትመቶችን ከነዓመታቸውና ከነአሳታሚያቸው አደራጅቶ ነበር፤ ከመደብር የጠፋው፣ በ200 ቅጂ ብቻ የታተመው ሳይቀር። አንድ ሕግ ነበራቸው፦ አባል የሆነ ሰው ያወረደውን ያህል የሚመጣጠን ነገር ማካፈል አለበት፤ ቃርሞ ብቻ የሚሄድ ይባረራል። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 የፈረንሳይ ፖሊስ እርምጃ ሲወስድ አስተዳዳሪዎቹ መረጃውን ሁሉ ደምስሰው ዘጉት። ሙዚቃው በየአባሉ ቤት ተበትኖ ቀርቶ ይሆናል፤ ዝርዝሩና ማስታወሻው ግን ሄደ። ሜጋአፕሎድ የተባለው ፋይል ማጋሪያ ደግሞ የተዘጋው ጥር 10 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ከተራ ላይ ታቦት ስናጅብ መሆኑ ነው። ባለቤቶቹ በወንጀል ተከሰሱ፤ የተሰረቀ ፊልም እንደ ነበረበትም የማይታበል ነው። ነገር ግን የገዛ ሥራውን ያስቀመጠም ነበር። በኦሃዮ የተማሪዎች የስፖርት ውድድር እየቀረጸ የሚኖር አንድ ሰው ቪዲዮዎቹን ለማስመለስ ፍርድ ቤት ተመላለሰ። ፋይሎቹ የተከማቹባቸው፣ ሆላንድ የነበሩት 630 ሰርቨሮች ደግሞ በማግሥቱ ዓመት ተደመሰሱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው፤ ዳውላው ውስጥ የማን እህል እንዳለ የጠየቀ አልነበረም።

ለመፋቅም ፖሊስ ብቻ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሰርቨር ሲያዛውር ከ2016 በፊት የተጫነለትን ሙዚቃ ሁሉ ማጣቱን አምኗል። ተከሳሽም ከሳሽም አልነበረም፤ ግዴለሽነት ብቻ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ እኛ ልመለስ።

በመጀመሪያ የምገሥጸው ሰሞኑን የታተመ መጽሐፍ በፒዲኤፍ የምትለቁትን ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡትን ወጣቶች ጠይቋቸው፤ ደራሲው ተበድሮ አሳትሞ፣ የማተሚያ ቤቱን ዕዳ ሳይከፍል፣ በሁለተኛው ሳምንት መጽሐፉ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ በየስልኩ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ይህ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። «ዕውቀት ለሁሉ» እያላችሁ አትሸልሙት፤ መጽሐፉ መቶ እርምጃ ወረድ ብሎ ይሸጣል። ነገር ግን ከስርቆቱ በላይ የሚያስከፋኝ ይህ ነው፦ ያን አዲስ መጽሐፍ የምትለቁት የ50 ዓመት ካሴትና ከገበያ የጠፋ መዝገበ ቃላት በተቀመጠበት በዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። አቤቱታ ሲመጣ የሚዘጋው መጽሐፋችሁ ብቻ አይደለም፤ መደርደሪያው በሙሉ ነው። ቅጂ ያለውን ስትሰርቁ ቅጂ የሌለውን አስፋቃችሁ። በግዝቱ ሁለቱም ቃል ውስጥ ገባችሁ።

ሁለተኛ የምገሥጸው የካሴት ባለመብቶችን ነው፤ አሳታሚዎችን፣ ወራሾችንም ጭምር። መብታችሁን አልክድም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ደራሲ ወይም የዜማ ባለቤት የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በ1977 ዓ.ም. ዜማ የሠራ ሰው በ2020 ዓ.ም. ቢያርፍ መብቱ እስከ 2070 ዓ.ም. ይዘልቃል ማለት ነው። ካሴቱ ግን እዚያ አይደርስም። በደህና የተያዘ ክር እንኳ 30 ዓመት ካለፈው አስተማማኝ አይደለም፤ በእርጥበትና በአቧራ የኖረውማ ከዚያም በፊት ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ታዲያ እናንተ ካሴቱን ዳግም ሳታሳትሙ፣ ዋናውን ቅጂ የት እንዳለ ሳታውቁ፣ ሌላ ሰው ያጋራው እንደ ሆነ ብቻ አቤት ትላላችሁ። አቤት በሉ፤ ግን ከማዘጋታችሁ በፊት አንድ ቅጂ ውሰዱ። የራሳችሁን ሥራ ከከሰሳችሁት ሰው መደርደሪያ ላይ ብቻ የምታገኙት ሆኖ ሳለ መደርደሪያውን የምታቃጥሉ ከሆነ፣ ለልጆቻችሁ የምታወርሱት የወረቀት መብት እንጂ ዘፈን አይደለም።

ሰብሳቢዎችንም አልተውም። በዚህ ከተማ ሺህ ሸክላና ሺህ ካሴት በቁልፍ ያኖሩ ሰዎች አሉ፤ «ከኔ በቀር ማንም የለውም» ማለት ደስ ይላቸዋል። ማንም የሌለው ነገር አንድ እሳት ሲነሣ የማንም አይሆንም። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል በውስጡ የነበረው የሙዚቃ ቤት ጃዛምባ በአንድ ቀን አመድ ሆነ፤ ፒያሳ የምንመላለስ ሁሉ ያንን ጭስ አይተናል።

መንግሥትስ? ሕጉ ራሱ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለጥበቃ ብለው እንዲገለብጡ በር ከፍቷል። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ከዚህ በላይ ስለ መንግሥት አልናገርም፤ ስለ እርሱ መናገር ለሁላችንም ይቀለናልና። ይልቅ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ከእናንተ ውስጥ አንድ ካሴት፣ አንድ አሮጌ መጽሔት፣ አንድ የትያትር ቅጂ ይዞ ወመዘክር ደጃፍ የቆመ ማን ነው? እኔ አልቆምኩም። የጋሼን ሥራ ዓመታት ሙሉ ሳደንቅ ባዶ ሃርድ ዲስክ ገዝቼ «ይህንን ለቅጂ» ብዬ አልሰጠኋቸውም፤ የአንድ ዲስክ ዋጋ ባለፈው ፋሲካ ለበግ ካወጣሁት አይበልጥም ነበር። ስናወርድ ኖርን፤ እንደ ዋት ሲዲ ያለ «ያወረድከውን ያህል መልስ» የሚለን ስላልነበረ ቃርመን ሄድን። ፋይል ማጋሪያ ያልነው ነገር ለብዙዎቻችን ማጋሪያ አልነበረም፤ ተጋርተን አናውቅምና። እህላችንን በማናውቀው ሰው ጎተራ ከትተን፣ ጎተራው ሲዘጋ ባለ ጎተራውን ተራገምን።

እንግዲህ ለማይገኘው ነገር ብቻ የምትሠሩ ሁኑ። የሚሸጠውን ግዙ፤ ካቃታችሁ ተዋሱ፤ ውሰት እኮ ነውር አይደለም። የማይሸጠውን ደግሞ ገልብጡ፤ በሁለት ቤት፣ በሁለት ዲስክ፣ ከተቻለም በሁለት ከተማ አኑሩት። ባለመብቱ በሕይወት ካለ ፈልጉት፤ አብዛኞቹ ደብዛቸው የጠፋ ሳይሆን ጠያቂ ያጡ ናቸው። ከሁሉ በላይ ጻፉ። የሰውየውን ስም፣ ካሴቱ የተገኘበትን ቤት፣ የነገራችሁን ሰው ስም ከዲስኩ ውጭ በወረቀት ጻፉና ከካሴቱ ጋር አኑሩ፤ ቁም ጸሐፊው በመጨረሻው ቅጠል ላይ እንዳደረገው። ድምፁን ከአንድ ቦታ ታገኙት ይሆናል፤ ስሙን ግን ከጻፈው ሰው በቀር ማንም አይመልስላችሁም።

ፒያሳ ሲፈርስ የጋሼም ሱቅ አብራ ፈረሰች። አሁን ቸርችል ጎዳና ላይ ከአንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሱቅ ጥግ አንዲት ጠረጴዛ ተከራይተዋል፤ ዴኩ አብሯቸው አለ። ያለፈው ማክሰኞ የአባቴን ካሴት በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አንድ ባዶ ዲስክ ገዝቼ ሄድኩ። ጋሼ የዴኩን ማንበቢያ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠረጉት፤ ገና የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ጥጡን ደግመው ሲያነሡት ቡናማ ዱቄት ይዞ ወጣ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ማሲንቆ መቺው ጭራውን ይቃኛል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በክፍሉ ውስጥ ላለ አንድ ሰው ቀስ ብሎ አንድ ነገር ይናገራል፣ ሰውየው ይስቃል። ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርገው አዲስ ፋይል ከፈቱ።

«ስሙን ማን እንበለው ልጄ?» አሉኝ።

እስክመልስ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው በሁለት ጣት፣ ፊደሉን እየፈለጉ፣ «ማሲንቆ፤ የመንዝ ሰው፤ ስሙ ያልታወቀ» ብለው ጻፉ።